መውረጃውን ያላየ ዕጩ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ፣ አቶ ዶላሞ ማራቸውን ጂንካ ገበያ ሸጠው ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸው። የሚያዝያ ዝናብ ሽማግሌ ነው ብሎ የሚያዝንለት የለምና ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ካለ አንድ የጨርቅ ሱቅ ጥላ ስር ሮጠው ገቡ። እዚያ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ የቆመች ሴት ነበረች። ዓይናቸውን ከዝናቡ ጠርገው ሲያዩ የሟች ወንድማቸው ልጅ ትዕግስት ሆና አገኟት።

ትዕግስት አልዱባ ላይ የምታስተምር መምህርት ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ ያደገችው በዶላሞ ቤት፣ ከአንድ ልጃቸው ከሚልክያስ ጋር፣ ከአንድ ገበታ እየበላች ነው። ስለዚህ ተሳስመው ሳይጨርሱ የጠየቀችው ያን ዓመት ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነበር፦ ደብዳቤ መጣ ወይ? ከጥር ወዲህ አልመጣም አሏት። ሚልክያስ ወደ ሰሜን ግንባር ከዘመተ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ ሽማግሌው ቢደብቁትም ከጥር ወዲህ እንቅልፍ የሚሉት ነገር እንደሌላቸው ፊታቸው ይናገር ነበር።

ትዕግስት ጨዋታ ለመቀየር ብላ ትከሻቸው ላይ ስለተንጠለጠለው ቅል ጠየቀች። አንገቱ ላይ አዲስ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ዶላሞ ይህን ጊዜ ቀና አሉ። በዚያ ሳምንት ለፓርላማ የሚወዳደሩት አቶ አለማየሁ እስከ መንደራቸው ድረስ መጥተው፣ በዚህ ቅል ብርዝ አብረዋቸው እንደጠጡ በኩራት ነገሯት።

በእነ ዶላሞ መንደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል በአንድ ትንፋሽ ከጠጡ ወንድማማች ሆኑ ማለት ነው፤ ለምልክትም የቅሉ አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ከመጠጣታቸውም በፊት እያንዳንዱ የልጆቹን ስም ለሌላው ይነግራል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የአንዱ ልጅ የሌላውም ልጅ ነው። ዶላሞ ደግሞ አርባ ሰባት ቤት የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ከቅሉ ጠጡ ማለት አርባ ሰባቱ ቤት ጠጣ ማለት ነበር፤ በምርጫው ቀን ማን ምን ላይ ምልክት እንደሚያደርግ ያን ዕለት አለቀ። ልማዱ ያማረ ነው፤ ማንም አይናቀው። ያላማረው አንድ ሰው ጠጥቶ አርባ ሰባት ቤት መስከሩ ነው፣ ያውም በብርዝ።

ትዕግስት ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። እስከዚያ ድረስ በአካባቢው ቋንቋ በአሪኛ ነበር የሚነጋገሩት። እሷ ግን ስትናደድ ወደ አማርኛ መዞር ልማዷ ነው፤ ሽማግሌውም ላለመበለጥ በአማርኛ ይመልሱላታል።

“አባባ፣ አቶ አለማየሁ ስለ ጦርነቱ ምን አሉ?”

“ጥሩ አሉ እንጂ። ድምፃቸው ራሱ መድፍ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የለም፣ እስከ መጨረሻው ነው አሉ። እውነት እልሻለሁ፣ ልጄ እዚያ ብቻውን እንዳልሆነ ተሰማኝ።”

“ተፎካካሪያቸው ወይዘሮ ጥሩነሽስ?”

“ያቺ ነርስ? ድምጿ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ሰላም፣ ንግግር፣ ትላለች አሉ። ልጄ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ሰላም የሚል ሰው ክንዱን ነው የሚያዝልበት። ሌባ እንሰቴ ውስጥ ሲገባ ስብሰባ ልጥራ?”

“ሌባውንማ ያባርሩት። አገር አይጠበቅ ያለ ማን አለ? እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሚልክያስን ሌባ እንዲያባርር ሲልኩት እስከ የትኛው አጥር እንደሚሄድ አይነግሩትም? ሳይመለስ ቢቀርስ ወጥተው አይፈልጉትም? ወይስ እስከ መጨረሻው ሂድ ብለውት ገብተው ይተኛሉ?”

ዶላሞ ይህን አልወደዱትም። ጦርነት የነገሥታት ጉዳይ ነው፣ ዱሮም እንዲያ ነበር፣ አሁን ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩና የፕሬዝዳንቱ ነው አሉ። እነሱን ደግሞ እኛ አንመርጥም፤ ከጂንካ የሚላክ አንድ ሰው ምን ያመጣል ብለው እጃቸውን አራገቡ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ እንዲህ ያስብ ነበር፣ ዛሬም የሚያስብ አይጠፋም።

“ፕሬዝዳንቱንም ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ አባባ። ጦርነት ሲታወጅ እጁን የሚያወጣውም እሱ ነው። አርባ ሰባት ቤት ሆናችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩት አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ሲነሳ የሚሄደው ሚልክያስ ነው፣ የጎረቤትዎ የእትዬ እልፍነሽ ሁለት ልጆች ናቸው። የዕጩው ድምፅ መድፍ ቢሆን ምን ይጠቅመናል? መድፍማ እዚያ ሞልቷል።”

“ታዲያ ሰው በምን ይመዘን?”

“እርስዎ እኔንና ሚልክያስን ቀፎ ልንሰቅል ስንሄድ ምን ይሉን ነበር?”

ሽማግሌው መልሱን ያውቁታል። ከአርባ ዓመት በላይ ከዛፍ ዛፍ እየወጡ ቀፎ ሰቅለዋል፤ ሳይወድቁ ያረጁ በአካባቢው ሦስት ሰዎች ቢኖሩ አንዱ እሳቸው ናቸው። ትዕግስት ራሷ መለሰችው።

“‘ከመውጣትህ በፊት መውረጃህን እይ። ንቡ ከተነሳበት በኋላ መውረጃ የሚፈልግ ሰው መሬት ላይ ነው የሚያገኘው’ ይሉን ነበር። ለአንድ ቅል ማር መውረጃ የጠየቁ ሰው፣ ለአንድ ልጅዎ አይጠይቁም? እኔ አቶ አለማየሁን አይምረጡ አላልኩም። ይጠይቋቸው። ጦርነቱ ምን ሲሆን ይበቃል? እዚያ ድረስ በምን ያደርሱናል? የሄዱት የት እንዳሉስ ለወላጅ ማን ይነግራል? ያንኑ ወይዘሮ ጥሩነሽንም ይጠይቋት። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ።”

ነገሩ ገባቸው። ሽማግሌ ግን ነገር ቢገባውም ቶሎ እጁን አይሰጥም። ቅሉን ከትከሻቸው አውርደው ደረታቸው ላይ ያዙት።

“ልጄ፣ ጠጥቻለሁ። ከጠጡ በኋላ ጥያቄ የለም። ቃሌን ዛሬ ባጥፍ ነገ የወሰን ጠብ ማን ይሰማኛል? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሜዳው ላይ ከብቶች ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመዋል። ይህን ተረት ዶላሞ በሕይወታቸው ስንት ሽምግልና ላይ ተናግረውታል፤ ሰውም ጨዋ ቃል ነው እያለ ራሱን ነቅንቆላቸዋል። ያን ቀን ግን ከአፋቸው የወጣውን የገዛ ጆሯቸው ሰማው። የወለዱት ይጥፋ። አንድ ብቻ ነው የወለዱት። ሱቁ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ትዕግስት አጠገባቸው ተቀምጣ ኮታቸውን አስተካከለችላቸው። ልትረታቸው ነበር የፈለገችው፤ አሁን ግን አሳዘኗት። ሽማግሌው ራሳቸው ተናገሩ።

“ከመጠጣታችን በፊት ስሙን ነግሬያቸዋለሁ። ሚልክያስ ብዬ።”

“እንግዲያ ቅሉ እርስዎን ብቻ አላሰረም። እሳቸውም ታስረዋል።”

“እሱስ እውነት ነው” አሉ ዶላሞ።

ዝናቡ ሲያባራ ተለያዩ። ዶላሞ መንገዱን ሁሉ ለብቻቸው ሲያወሩ ሄዱ፤ ሳምንቱንም እንዲሁ ከረሙ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዕጩዎቹ ከገበያተኛው ጋር የሚገናኙበት ስብሰባ ጂንካ ላይ ተጠራ። ሞንታርቦው ከማለዳ ጀምሮ ሲጮህ ነበር። አቶ አለማየሁ ቀድመው ተናገሩ፤ ስለ አባቶች ደም፣ ስለ ድንበር፣ ወደ ኋላ ስለማይባል እርምጃ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጥያቄ ያለው ሲባል ዶላሞ ቅላቸውን እንዳንጠለጠሉ ተነሱ። አቶ አለማየሁ አይተዋቸው በፈገግታ ተቀበሏቸው፣ ይህ የቅል ወንድሜ ነው ብለውም ለሕዝቡ አስተዋወቋቸው። ዶላሞ ማይክሮፎኑን እንደ ትኩስ ነገር ከአፋቸው አራቅ አድርገው ያዙት።

“እስከ መጨረሻው ብለውናል። እኔ ንብ አርቢ ነኝ፣ ከመውጣቴ በፊት መውረጃ አያለሁ። መጨረሻው የት ነው? ምን ሲሆን በቃ ይባላል?”

ዕጩው ሳቅ ብለው፣ አባባ ይሄ ወታደራዊ ምስጢር ነው፣ አደባባይ ላይ አይነገርም አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዶላሞ ግን አልተቀመጡም።

“የጦሩን መንገድ አልጠየቅሁም፤ እሱ ለአዛዦቹ ነው። እርስዎ እጅዎን ሲያወጡ ለምን እንደሚያወጡ ነው የጠየቅሁት። እሺ፣ ይሄም ምስጢር ይሁን። ምስጢር ያልሆነ ልጠይቅዎ። ከዚህ ቅል አብረን ጠጥተናል። የልጄ ስም ማን ነው?”

አቶ አለማየሁ ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ፣ ጸሐፊው ወደ ወረቀቱ። ከወረቀቱ ላይ የሚወጣ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ እሳቸው ዘማች ሁሉ የእኔም የሁሉም ሰው ልጅ ነው አሉ። ባሻገር ያለው ሰው ሊያጨበጭብ ፈልጎ ነበር፤ ከፊት የተቀመጡት እናቶች ግን ዘወር ብለው ሲያዩት እጁን ሰበሰበ።

“የሁሉም የሆነ ልጅ የማንም እንዳይሆን እፈራለሁ” አሉ ዶላሞ። ቅሉን ከትከሻቸው አውርደው ቀዩን ጨርቅ ፈቱና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። “ቃሌን አላጠፍኩም። ያጠፈው የልጁን ስም የረሳው ነው።”

ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ወይዘሮ ጥሩነሽን ጠየቋት። ነርሷ ድምጿ እውነትም ደካማ ነበር፤ ሕዝቡ ለመስማት ወደ ፊት ተጠጋ። ጦርነቱን ነገ አስቆማለሁ ብዬ አልዋሻችሁም፣ መውረጃውንም ሙሉ በሙሉ አላውቀውም አለች። ነገር ግን እጇን ከማውጣቷ በፊት ዓላማው ምን ድረስ እንደሆነ እንደምትጠይቅ፣ ድንበሩ ተጠብቆ ንግግር የሚቻል ከሆነ ንግግርን ፈሪነት ነው እንደማትል፣ የሄዱት ደህንነት ለወላጅ እንዲነገር እስከምትባረር ድረስ እንደምትጮህ ተናገረች። “ሆስፒታል ውስጥ ዘመድ የጠፋበትን ሰው አውቀዋለሁ” አለች፤ “ከክፉ ወሬም ወሬ ማጣት ይብስበታል።” ዶላሞ አልጨበጨቡም፤ አመስግነው ተቀመጡ።

በማግሥቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ አርባ ሰባቱን ቤት ሰብስበው የእኔ ቃል ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው፣ እናንተም የየራሳችሁን ስጡ አሏቸው። መጀመሪያ ሰው ተደናገጠ፤ ሽማግሌው በልጃቸው ናፍቆት አእምሯቸው ተነካ ያለም ነበር። ግን ሲውል ሲያድር የነገሩ ጥቅም ታየ። ሁለት ልጆች አዝምታ አንድም ቀን ምን ትያለሽ ተብላ የማታውቀው እልፍነሽ በስብሰባ መካከል ተነስታ ተናገረች። ወጣቶቹ ከመንደሩ የዘመቱትን የሠላሳ አንድ ልጆች ስም ጽፈው ለሁለቱም ዕጩዎች ላኩ፤ ድምፃችንን የሚፈልግ መጀመሪያ ይህን ያንብብ የሚል ደብዳቤ አያይዘው። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ተከራክረው በሁለት ሐሳብ ተኙ፤ ጣሪያውም አልወደቀም። ይቀርብኛል ብለው የፈሩት የወሰን ሽምግልናም አልቀረባቸውም። በአደባባይ ትልቅ ሰው የጠየቁ ሽማግሌ አያዳሉም ተብሎ ከሌላ መንደር ሳይቀር ይጠሯቸው ጀመር። መሪን በድምፁ ሳይሆን በመልሱ የሚመዝን ሕዝብ ልጆቹን በከንቱ አይሰጥም፤ ከሰጠም ለምን እንደሰጠ ያውቃል፣ ወዴት እንደሄዱ ይጠይቃል። ይህንን ማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አይጠይቅም፤ ዶላሞ አልገቡም።

የምርጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የአቶ አለማየሁ ጸሐፊ አዲስ ብርድ ልብስ ታቅፎ ዶላሞ ደጅ ደረሰ። ትዕግስትም ድምፅ ለመስጠት መጥታ ከአጎቷ ጋር ተቀምጣ ነበር። ጸሐፊው አለቃው በድካም የልጁን ስም ስተው እንጂ ንቀው እንዳልሆነ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቁ፣ አሁንም የሚፈልጉት ያንኑ የሽማግሌውን ቃል እንደሆነ በትሕትና ተናገረ። ዶላሞ ብርድ ልብሱን ዳሰስ አድርገው፣ ጥሩ ነው፣ ይሞቃል አሉና መልሰው አስታቀፉት።

“ይቅርታውን ተቀብያለሁ። የሚፈልጉት ቃል ግን እኔ ጋ የለም፤ ለየባለቤቱ መልሼዋለሁ። አርባ ሰባት ደጅ አለ፣ አርባ ሰባቱንም አንኳኩ። ስትገቡ የዘመተ ልጅ ካለ ስሙን ይዛችሁ ግቡ። የእኔ ሚልክያስ ነው፤ አሁን ጻፈው።”

ጸሐፊው ቆሞ አያቸው። ሽማግሌው አልቀለዱም። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ ትዕግስትም አንገቷን ሰገግ አድርጋ ፊደሉን አየችለት። ከዚያ ብርድ ልብሱን እንደታቀፈ ወደሚቀጥለው ቤት ወረደ። የእልፍነሽ ቤት ነበር። በሩ ሲከፈት፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ግባ፣ ተቀመጥ ስትለው ተሰማ። ቀጥላም የጦርነቱ መጨረሻ የት እንደሆነ ጠየቀችው።