እትዬ ቀስ በል ብቻቸውን ሊሳፈሩ ነው

ወዳጆቼ፣ የተቀመጣችሁም ቆማችሁ የቀራችሁም፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ቶሎ እጨርሳለሁ፤ የእትዬ ባቡር ዛሬ ማታ ነው።

እትዬ እዚህ የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ የገቡ ቀን የሠሩትን ሥራ አለቃችን እስከ ዛሬ ሲያወሩት ያልባቸዋል። ሕጋችንን ታውቃላችሁ፤ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥላል፣ እሱ ካልከፈተው ማንም መብራት አይለቅም። እትዬ ቆለፉ፣ ሠሩ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ቤታቸው ገቡ። ግማሽ ከተማ ጨለመ። አለቃችን እያለከለኩ ቢደርሱ ሴትዮዋ ሻማ አብርተው "እነዚህ የመብራት ሰዎች ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው?" እያሉ ያማርራሉ።

"ቁልፉን አምጪ!" አሉ አለቃችን።

"ለማንም አትስጪ ብለውኝ የለ?"

ከዚያ ወዲህ እትዬ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ማለት አበዙ፤ እኛንም ጠዋት ማታ "ቀስ በል" ሲሉን ስማቸው ሆኖ ቀረ። በኛ ሥራ ብቻውን ሽቦ የሚነካ የለም፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። "ልነካ ነው" ሲሉ እኔ "ይንኩ" እላለሁ። የሻይ ማፍያውን ሶኬት ሲሰኩ እንኳ "ልነካ ነው" ይላሉ፤ መልስ ካላገኙ ሻይ የለም። ቤታቸውም ባለቤታቸው ከጓዳ "ንኪ" ይሏቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ አንድ ቀን እትዬ "እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ" አሉኝ።

የመቆጣጠሪያ ሰሌዳችን ላይ ያሉት የድሮ ከተሞች፣ ግንብ ያለውም፣ የድንጋይ ድልድይ ያለውም፣ ነገሥታት የተቀበሩበትም፣ ለኛ ትንንሽ ቀይ መብራቶች ናቸው። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብርተውላቸዋል፤ አንዱንም በዐይናቸው አላዩም። አሁን ሊያዩ ነው። ባቡር ጣቢያ ሄደው ከመስኮቱ ፊት "ሁለት ትኬት" አሉ። "ሁለተኛው ተሳፋሪ ማን ነው?" ቢሏቸው ወደ ኋላቸው ዞሩ። ማንም የለም።

ሳቃችሁ። እኔም ስቄ ነበር፣ ልጃቸው ለእኔ የተቆረጠ ትኬት እጄ ላይ እስክታስቀምጥ። "ወንድሜ፣ እናቴ አምና ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ወድቃለች። ወይ አስቀርልኝ፣ ወይ አብረሃት ሂድ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ትናንት ለእትዬ ነገርኳቸው።

"ብትመጣ ደስ ይለኛል" አሉ። "ግን ዐይኔ አንተ ላይ ይሆናል። አንተን ስጠብቅ ከተማውን ሳላየው እመለሳለሁ።"

ዛሬ ጠዋት ትኬቱን መለስኩት።

እህቴ፣ እሺ ብዬሽ ቃሌን አጥፌብሻለሁ፤ ቀና ብለሽ አለማየትሽ አይገርመኝም። እኔም ፈርቻለሁ። ባቡር ሲቀይሩ ቢያዞራቸውስ? ማን ይይዛቸዋል? የማውቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ዝናባማ ቀን መስመሩ ጠፍቷል ተብዬ እጄን ስሰድ እትዬ በእንጨት ባይመቱኝ ኖሮ ዛሬ ልጆቼ አባት አልነበራቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዐይናቸው የሰው እጅ ላይ ነበር። ለራሳቸው ያዩበት ቀን የለም። እትዬ፣ ስለ ነፍሴ አመሰግንዎታለሁ። ይህን እስከ ዛሬ በአፌ አላልኩትም።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። መንገድዎ የቀና፣ ወንበርዎ መስኮት ዳር፣ ጎንዎ የሚቀመጠው ሰው ወሬ የማያበዛ ይሁን። ጉልበትዎን ያበርታልን፤ በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱ።

ቆይ፣ አትጠጡ። እህቴ፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ። አለቃችን ቢያነሱ፣ እኔ ባነሳ፣ እናትሽ ያንቺን ሳያዩ ከዚያ ወንበር አይነሱም።

እንዲያ ነው። ብርጭቆሽን ከፍ አድርጊው፣ ይዩት።

እትዬ፣ አይተዋል። ይሂዱ።