የቧንቧ ሠራተኛው ጨጓራ

ሽማግሌው ቧንቧ ሠራተኛ ሦስተኛ ፎቅ ለሥራ ተጠርተው ሲወጡ፣ ገና ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። የጎረቤታቸው ልጅ፣ በሆስፒታል የጨጓራ ምርመራ ክፍል የምትሠራው ነርስ፣ ከላይ ስትወርድ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ምነው? ፊትዎ አመድ መስሏል።»

«እርጅና ነው፣ ልጄ። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ደም ሰጡኝ፤ ተመልሶ ያልቃል። ወዴት እንደሚሄድ እንጃ!»

«ሰገራዎ ይጠቁራል?»

ሽማግሌው ሰው እንዳይሰማ ወደ ታች ገልመጥ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄም ይጠየቃል?»

«ሐኪሙ አልጠየቀዎትም?»

«ጠይቆኛል፤ ደህና ነው አልኩት። ደግሞ የሚያጠቁረው የብረት ኪኒኑ ነው።»

«ኪኒኑስ ያጠቁራል። አሁንም ይውጣሉ?»

ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ጥቁረቱ ግን አልተወም። ብዙ ሰው እንዲህ አፍሮ ይደብቃል፤ ሐኪም ግን የሚያክመው የተነገረውን ነው።

«ደንበኛዎ ታንከሩ እየጎደለ፣ የሚያፈሰውን ሳይፈልግ ውሃ ብቻ ቢጨምርበት ምን ይሉታል?»

«ቂል እለዋለሁ!» አሉና ነገሩ ገብቷቸው፣ «ተያዝኩ» አሉ።

«በአንዳንድ ሰው ጨጓራ ግድግዳ ላይ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያለ ልክ ይሰፋሉ። ስስ ስለሆኑ በጥቂት በጥቂቱ ይደማሉ። ስለማያሙ አይታወቁም። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ያያቸዋል።»

«አርባ ዓመት ቱቦ ስከት ኖሬ ተራው የኔ ሆነ?»

«የእኛው ይቀጥናል። ማደንዘዣም አለው።»

«ቢገኝስ? ልትቀድዱኝ ነው?»

«ቢላዋ የለም። በዚያው ቱቦ ጋዝ ይነፋና ሥሮቹ በኤሌክትሪክ ሙቀት ላይ ላዩን ይተኮሳሉ።»

«ብየዳ ነው በይኛ!» ዓይናቸው በራ። «ግድግዳውን ቢበሳውስ?»

«ከስንት አንዴ ያጋጥማል፤ አልዋሽዎትም። ደም እያነሰዎት ከኖሩ ግን ልብዎም ይደክማል።»

በሳምንቱ ሽማግሌው ምንም ሳይቀምሱ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ፤ የሰገራቸውንም ነገር ሳይደብቁ ተናገሩ። ሐኪሙ በኋላ ፎቶውን አሳያቸው፤ ከጨጓራው መውጫ አጠገብ፣ እንደ ሐብሐብ ልጣጭ መስመር የተሰለፉ ቀያይ ሥሮች። የተተኮሱት ነጣ ብለዋል። አንድ ጊዜ ስለማይበቃ ደግመው ታከሙ፤ የብረት ኪኒኑንም እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የሰው ደም አላስፈለጋቸውም፤ ደንበኞቻቸውንም ለሌላ አልሰጡም። ያለ ምክንያት የሚደክመው፣ ሰገራው የጠቆረ ሰው ሁሉ ቶሎ ቢናገር ትርፉ ይኸው ነው።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ሲመጡ፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ማደንዘዣው ይቅርብኝ» አሉ።

«ለምን?»

«ስትተኩሰው በስክሪኑ ልየው።»

«ቱቦው አፍዎ ውስጥ እያለ መጠየቅ አይችሉም እኮ።»

«ግድ የለም፤ ጥያቄዬን ጽፌ መጥቻለሁ» ብለው ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ።