አሥራ ሁለት የታጠቡ እንቁላሎች

ደህና አደርሽ ልጄ? እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ጉልበቴም ዛሬ አልከፋም። ሰማዩ ጠርቷል፣ ልብስ ለማስጣት ደግ ቀን ነው። ቆይ፣ መቆንጠጫውን እኔ ልያዝልሽ፤ አንቺ አስጪ፣ እኔ አቀብላለሁ። አንሶላውን በአራት መቆንጠጫ ያዢው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊነሣ ይችላል። አውቃለሁ፣ ትስቂብኛለሽ። ዕድሜዬን ሁሉ ያልመጣ ነፋስ ስፈራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጣውንማ መቼ ፈራሁ… ሻንጣውን ተቀብዬ አስገባሁ እንጂ።

ሬዲዮኑ ደስ ይላል፣ አይደል? ጠዋት በረንዳ ላይ እግርን ዘርግቶ ዜና እንደ መስማት ያለ ምን አለ? ይስሙ። ብዙ ያወቀ ሰው እረፍትም ብዙ ያስፈልገዋል።

ምነው እንዲህ አየሽኝ? የማንን ስም ጠራሁ? በዚህ ግቢ ካንቺና ከኔ ሌላ የሚኖረው አንድ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው ደግሞ ስም ምን ያደርግለታል? እኔ የማወራሽ ስለ ዶሮ ነው። የሰው ባል ስም በጠዋት አይነሣም። ዛሬማ ጉዳይ ስላለ ነው፤ ሃምሳ ጫጩት በካርቶን ሊመጣ ነው አሉ። ይምጣ፣ እሰየው ነው። ካልሲውን አቀብዪኝ፣ መሬት ወደቀ።

እኔ መቼም አራተኛ ክፍል ነኝ። የዶሮን ነገር የተማርኩት ከእናትሽ ነው፣ እናትሽ ደግሞ ከራሳቸው ከዶሮዎቹ። ያኔ ሰርተፊኬት የሚሰጥ የለም። ሦስት ቀን ሠልጥኖ፣ ወረቀቱን በመስታወት አሠርቶ፣ የእናትሽን ፎቶ ትንሽ ገፋ አድርጎ ሳሎን መስቀል… እሱ የታደለ ሰው ነገር ነው። ፎቶዋን አሁን በሩ ሲከፈት ይጋርዳታል። ምን አለበት? በሩ ሲዘጋ እናያት የለም እንዴ?

ገብስማዎቹን ታውቂያለሽ፣ አብረሻቸው ነው ያደግሽው። እናትሽ ወደኔ ስትመጣ ሦስት ቄብ በቅርጫት ይዛ መጣች፤ አመዳማ ጀርባ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያላቸው። ብርድ አይረታቸው፣ የታቀፉትን ጥለው አይነሡ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት የነሱ ዘር ከዚህ ግቢ አልጠፋም። ስትታመም ስለ ቤቱ፣ ስለ መሬቱ ምንም አላለችኝም። እጄን ይዛ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘራቸው በእጅህ እንዳይጠፋ።» እሺ አልኳት። ለሚሞት ሰው እሺ ያሉት ነገር ደግሞ… በይ ተይው። አንሶላው ይጎተታል፣ ከፍ አድርጊው።

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች የሚያርዳትን ካራ ይባላል። የኛዎቹ ምን ጫሩ? ካራው በገዛ እግሩ መጥቶ ቤተኛ ሆነ እንጂ።

አውራውን አልረሳሽውም መቼም። ወፍጮ ቤት ሄጄ ለሱ ለራሱ ጥሬ አስከክቼ ስመለስ የለም። ለአንድ ሹፌር ተሽጦ በጆንያ ሄዷል። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ግን ትሕትናቸው! እያጎነበሱ ነው የነገሩኝ። የንጋት ጩኸት ለነርቭ አይስማማም፤ ዶሮም ብትሆን ያለ አውራ እንቁላል ትጥላለች። ሐሰት ተናገሩ እንዴ? ትጥላለች እኮ! መፈልፈሉ ብቻ ነው የሚቀር። እሱን ምናልባት በአራተኛው ቀን ነበር የሚያስተምሩት… ሥልጠናው ሦስት ቀን ሆነ እንጂ። የተማረ ይግደለኝ እያለ የሚመኝ ስንት ሰው አለ፤ አውራው ሳይመኝ ደረሰለት።

እኔ ተቆጣሁ? አልተቆጣሁም፣ አንቺ ምስክር ነሽ። ፈራሁ እንጂ። ዶሮ አውራዋ ከሄደ በኋላም ሳምንት ያህል የሚፈለፈል ትጥላለች፤ ይህን ስለማውቅ በየጠዋቱ እየሄድኩ ከሦስቱ ገብስማዎች የተጣለውን ለቀምኩ። አሥራ ሁለት ሆነ። እያንዳንዱ ላይ ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩ። ሹሉን ወደ ታች አድርጌ፣ ገለባ ጎዝጉዤ፣ ዕቃ ቤት ጥላው ጋ አስቀመጥኳቸው። የእናትሽ ዘር የቀረው እዚያ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ከዚያ ትልቋ ገብስማ ልታቀፍ ተንኮፈፈች። ደስ አለኝ። ነገ ከነገ ወዲያ አስታቅፋታለሁ ብዬ ለዓይኔ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ እህቴ ጋ ሁለት ቀን አደርኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እሳቸው ግን አይቸኩሉም፤ ረጋ ብለው፣ ተጠንቅቀው ነው የሚያፈሱት። ስመለስ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው እንዴት በርቷል! «አባባ፣ ሥራዎን ጨርሼልዎታለሁ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ እንቁላል በዕድሜዋ ታቅፋ አታውቅም» አሉኝ።

ገብቼ እጄን ከሥሯ ሰደድኩ። አንዱን አወጣሁ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ… የእርሳስ ምልክት የለውም። ቀስ ብዬ ጠየቅሁ። በሳሙና አጥበው፣ በፎጣ አድርቀው፣ እንዳይበላሽ ሁለት ቀን ፍሪጅ አስቀምጠውት ነበር። እንቁላል ታጥቦ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል ተብለው ተምረዋል። እሱ ለሚጠበሰው እንጂ ለሚታቀፈው አለመሆኑን የነገራቸው ሰው የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉን አደግን፤ የኛዎቹ ምን በወጣቸው ይሂዱ፣ በፎጣ ተይዘው የፍሪጁ በር ላይ ከቅቤው ጎን ተደረደሩ። ስንት ዓመት ዶሮ ሳረባ ለአንድ እንቁላል ገላውን አጥቤለት አላውቅም። እንዲያው ንፍገት ነው የኔ።

ምን ልበላቸው? የደከመ ሰው ይወቀሳል? አመሰገንኩ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁና ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ትንሽ ቆምኩ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ እንኳ ቢተርፍ ብዬ አሰብኩ። አንድ ወንድ ቢወጣ ይበቃኝ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ሁለቱን ዕቃ ቤት ወስጄ በባትሪ አየኋቸው። ደም ሥር የለ፣ ጥላ የለ፣ ውሃ ናቸው። የኔ ዓይን ነው አልኩ፣ አዲሱን መነጽር ስላለመድኩት ነው አልኩ። ሰው ተስፋ ሲያደርግ በመነጽር ማሳበብ ምን ያቅተዋል? በሃያ አንደኛው ቀን ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሊወጣ የደረሰ ጫጩት ከቅርፊቱ ውስጥ ይሰማል፣ አንቺም ልጅ ሆነሽ ትሰሚ ነበር። ዝም። በሃያ ሁለተኛውም ዝም። በሃያ አምስተኛው ቀን አንዱን ከአጥር ውጭ ወስጄ ሰበርኩት… ሽታውን ልብስሽ ንጹሕ ስለሆነ አልነግርሽም።

ሌሎቹንም አንድ በአንድ አወጣሁባት። እሷ ግን አልተነሣችም። ባዶ ገለባ እንደታቀፈች አለች፤ ስታነሺያት ላባ ብቻ ነው የሚመዝነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ድሮ ቀረ፤ የዛሬ ሰው ለዶሮ መጫኛ አያባክንም፣ ሳሙና ይበቃዋል።

ሬዲዮኑ ምነው ድምፁ ቀነሰ? ባትሪው አልቆ ይሆናል። እስኪ ሂጂና… ተይው፣ ሰው ጆሮውን ሊያሳርፍ ፈልጎ ይሆናል።

ለማንኛውም ትናንት የዶሮ ቤቱን ቁልፍ ባንቺ በኩል ጠየቁኝ አይደል? ደግ አደረጉ። አማትን ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ነው፣ ጨዋነታቸው ነው። ይኸውልሽ ቁልፉ። ገብስማዎቹ ካሉበት አዳዲሶቹ በሽታ ይይዛቸዋል ብለዋልና፣ ለሃምሳው ጫጩት ቦታ ይለቀቅ። ሦስቱን በቅርጫት አድርጌያለሁ፣ ወዳጄ ፖስተኛው ጋ ልወስዳቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከኛ ከወሰዳቸው ጫጩቶች አንዱ አውራ ሆኖለታል፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይጮኻል አሉ። አውራውን ወደዚህ ላምጣው ማለትማ ይቻል ነበር… የሰው እንቅልፍ አለ። ስለዚህ እነሱ ይሂዱለት።

እኔም አብሬያቸው ነኝ። ፖስተኛው ጓሮው ላይ አንድ ክፍል አለው። ልብሴን ጠቅልያለሁ፣ አልጋው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ምነው ልጄ፣ አንሶላውን ልቀቂው፣ ይቆሽሻል። ማን አባረረኝ? ማንም አላባረረኝም። በገዛ ቤቴ «እንዳይቸገሩ፣ እንዳይለፉ» ተብዬ፣ የማደርገው ነገር ሁሉ ቀድሞ ተሠርቶ ሲጠብቀኝ… እንዲህ ያለ ምቾት ያልለመደ ሽማግሌ ምን ያድርግ? እስኪፈለፍሉ ነው። ከፈለፈሉ። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ።

ደግሞ አደራሽን፣ የዶሮ ቤቱ መቀርቀሪያ ከላይ ካልተጫኑት አይያዝም፣ ድመት ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ነው ዋናው ነገር፣ መብራቱን ዝቅ አድርጉላቸው። ጫጩት ምን አጠፋ? ውሃቸውን ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ አድርጉ። እና… ለንጽሕና ተብሎ እንዳይታጠቡ። ይህን አንቺ ብትነግሪያቸው ነው የሚሻለው፤ ከኔ ከአራተኛ ክፍሉ ሲሰሙት ይከፋቸዋል።

በይ ቅርብ በይ ልመርቅሽ። ሁለታችሁንም ነው የምመርቀው፤ እኔ ቂም አላውቅም። ትዳራችሁን ያጽናው፣ ቤታችሁን ይሙላው። ፈጣሪ ሴት ልጅ ይስጣችሁ፣ ትደግላችሁ፣ ትማርላችሁ። ለወግ ለማዕረግ ትብቃላችሁ። ባል ስታገባም ርቃባችሁ አትናፍቁ፣ እዚሁ ቤታችሁ ይዛው ትግባ። እሱም እንግዳ አይሁንባችሁ፤ በመልኩም፣ በእውቀቱም፣ በደግነቱም ቁርጥ አባቷን ይሁን። አሜን በይ እንጂ ልጄ።