የላላው የእጅ ፍሬን

ጡረተኛው ሹፌር ዳገት ላይ መኪናውን በጀርባው ደግፎ ቆሟል። ከታች፣ ዳቦ መሸጫው ደጃፍ ሰው ተሰልፏል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ ያለፈችው የእህቱ ልጅ፣ የመካኒክነት ተማሪዋ፣ አይታው ደነገጠች።

«አጎቴ! ምን እየሠሩ ነው?»

«መኪናዋን የማስደግፍበት ድንጋይ ተንሸራተተብኝ። ቶሎ ግቢና ፍሬን ያዢ!»

ገብታ ረገጠች፤ ማርሽ አስገብታ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዞረችው። እሱም ላቡን ጠረገ።

«የእጅ ፍሬኑስ?» አለችው።

«ክንዴ እስኪገነጠል ስቤዋለሁ። እኔን ግራ የገባኝ ይኸው ነው፤ በእግር ሲረገጥ ይይዛል፣ በእጅ ሲሳብ ምን ነካው? ለዚህ እኮ ነው ልጄን፣ መንጃ ፈቃድ ብታወጣም፣ ቁልፉን የከለከልኳት።»

«ሁለቱ መንገዳቸው ለየቅል ነው። የእግሩ በዘይት ግፊት አራቱንም ጎማ ይይዛል። የእጁ ግን ካቦ በሚሉት የሽቦ ገመድ የኋላዎቹን ብቻ ይጎትታል። ገመዱ ይለጠጣል፤ ጎማውን የሚይዘው ሸራም ያልቃል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳ ማን ነገረኝ?» አለ ቅር ብሎት። ለካስ «ብልሃት ነው» ያለው ድንጋይ የፍሬኑን ሕመም ሲሸፍንለት ኖሯል።

መኪናዋን ቀስ ብለው ወደ ቤት ወሰዷት፤ ግቢያቸው ሜዳ ነው። የፊት ጎማዎቹን አግደው የኋላውን በክሪክ አነሡና በብረት ድጋፍ አስቀመጡት። መጀመሪያ ሸራዎቹን አስተካከለች። ቀጥላ ከእጀታው ሥር ያለውን የገመዱን ማጥበቂያ ዳዶ ስታሳየው፣ መፍቻውን ነጥቋት ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው።

«ይኸው! ከእንግዲህ ወዴት ትሄዳለች?»

«እስቲ እጀታውን ያውርዱና ጎማውን ያሽከርክሩት።»

ጎማው ንቅንቅ አላለም።

«አሁንስ ጨርሶ ዞረብኝ! ሲላላ ትንሸራተታለች፤ ሲጠብቅ አትሄድም። ምን ይሻላታል?»

«እንዲህ ሆና ብትነዳ ሸራው እየታሸ ይግላል፤ ቶሎ ያልቅና ይከዳዎታል። ሲለቁት ጎማው እንደ ልቡ ይዙር፤ እጀታውን ቀጭ ቀጭ እያለ ጥቂት ጥርስ ሲስቡት ደግሞ ይያዝ። ልኩ ይኸው ነው።»

እሱ ዳዶውን ቀስ እያለ አላላ፣ እሷ ጎማውን አዞረች፤ በመጨረሻም እንደ ልብ ዞረ። እጀታውን ሲስበው ግን ሁለቱም ጎማዎች ቀጥ አሉ። አንዴ ለቀቀው፣ አንዴ ሳበው፤ እንደገና ለቀቀው።

«ይህን ያህል ቀላል ነው?»

«ቀላል ነው፤ አልፎ አልፎ ማየት ብቻ ይፈልጋል።»

ልጁን ከቤት ጠራትና ቁልፉን ዘረጋላት።

«ስሚ፤ የእጁ በዘይት... አይ፣ የእጁ በገመድ ነው። ዳገት ላይ ስትቆሚ ሳቢው፣ ማርሽ አስገቢ፣ ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙሪ። እጀታው ሲሳብ ሽቅብ መውጣት ካበዛ አሠሪው። ያኔ ከታች የሚያልፈው ሰው በሰላም ያልፋል፤ አንቺም ልብሽ ሳይሰቀል ጉዳይሽን ትጨርሻለሽ።»

«አባዬ፣ ገብቶኛል።»

«ለእኔ ገና ዛሬ መግባቱ ነው፤ ለአንቺ መቼ ገብቶሽ ነው?» አለና ቁልፉን ለቀቀላት።