ምስማር ያልገባበት አልጋ

በእኛ ጊዜ እኮ ለሥራ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስለ ሥራው አይጨነቅም፣ የት አድራለሁ ብሎ ነው የሚጨነቅ። ሥራውንማ ያውቀዋል። አንተ ሙሉቀን፣ የእህቴ ልጅ፣ ለስልጠና ጠሩኝ ብለህ ከትናንት ጀምሮ እዚያ ስልክህ ላይ አልጋ ስትመርጥ አይሃለሁ፤ ይኼ ሙቅ ውሃ አለው፣ ይኼ ቁርስ ይጨምራል፣ ይኼ መንገድ ዳር ነው፣ ትላለህ። እስቲ አስቀምጠውና ስማኝ። እኔም አንድ ጊዜ መርጬ ነበር። መርጬ ስልህ፣ የመረጥሁ መስሎኝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ ያን ጊዜ አናጢነቴ ከደብረ ኤልያስ አልፎ ማርቆስ ድረስ ይጠራል። ታዲያ አዲስ አበባ አንድ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ሲያድሱ፣ በሩንና መስኮቱን እሱ ይሥራው ብለው ሰው ላኩብኝ። እና አላምረውን ይዤ ሄድሁ። አላምረው የጎረቤቴ የየሻረግ ልጅ ነው፣ እጄ ላይ ተምሮ እጄ ላይ የጎለመሰ አናጢ። ከእሱ በፊት ታላቁን ምንይችልንም ያስተማርሁት እኔው ነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይሉ የለ? አላምረው ዝምተኛ፣ ሥራው ዝግ ያለ፤ ታላቁ ደግሞ ችኩል፣ ግራኝ፣ አገር የጠበበው። አንድ ቀን መሮና መጋዙን ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። መተማ ነው ያለ ይባላል፣ ሱዳን ገብቷል ይባላል፣ የሚያውቅ ግን የለም።

እና ልንሄድ ስንል የሻረግ መጣች፣ አላምረውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አያ አለኸኝ፣ አንዱን መንገድ በላብኝ። ይኼን እንደወሰዱት መልሰው ያምጡልኝ» አለችኝ።

«አመጣልሻለሁ» አልኋት። አልሁ እንግዲህ፤ ቃል ነው።

አዲስ አበባ ገባን። አውቶቡስ ተራ ስትወርድ ያ ደላላ ነው የሚቀበልህ። «አባት! አልጋ ነው? ንጹሕ አልጋ አለ፣ ኑ በዚህ!» ይልና ዕቃህን ይይዛል። ሄደን አየነው። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሲገላበጥ አንተ ጋ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ ታች ቤት ሙዚቃ ይጮኻል። የሥራ ዕቃዬን ትራስ ካላደረግሁ ይሰረቅብኛል፣ እዚህ አልተኛም ብዬ ወጣሁ። የዘመድ ቤት ሄድን፤ «ቤት ለእንግዳ!» አለን ዘመዴ፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን ቤቱ እንኳን ለእንግዳ ለልጆቹም አልበቃ፤ እግሬን ብዘረጋ አንዱን ሕፃን እረግጣለሁ። እንደምንም አደርንና በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመን፣ «የት እንደር? የት እንደር?» እየተባባልን ስንነታረክ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጠጋ አሉን። እትዬ ብርቄ ይባላሉ፣ ኋላ ነው ስማቸውን ያወቅሁ።

«የጎጃም ሰዎች ናችሁ?»

«ነን፣ እናቴ።»

«ከወዴት በኩል?»

«ከደብረ ኤልያስ።»

እኔን አዩ፣ አላምረውን አዩ፣ ቀጥለው ደግሞ ከኋላችን አዩ። ዘወር ብል ማንም የለም።

«ክፍል አለኝ። ሦስት አልጋ አለው» አሉ።

«ሁለት ነን እኮ።»

«እሺ» አሉ። እሺ ይበሉ እንጂ የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ክፍሉን አየነው፤ ምን ይወጣለታል! ጸጥ ያለ ግቢ፣ የተጠረገ ወለል፣ ለዕቃችን የሚቆለፍ ሳጥን። ሁለት የብረት አልጋ አለ፣ አንድ ደግሞ ጥግ ላይ፣ አልጋ ልብሱ እስከ መሬት የወረደ። አላምረው ቀጥ ብሎ ወደ ጥጉ ሄዶ ቁጭ አለበት። «እኔ እዚህ ነኝ» አለ።

ሴትዮዋ ፊታቸው ልውጥ አለ። «እዚያ ነው የምትተኛ?»

«አይቻልም እንዴ?»

«ይቻላል፣ የኔ ልጅ። ይቻላል» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

እና መኖር ጀመርን። ታዲያልህ ከሥራ ስንመለስ የግቢውን በር የሚከፍቱልን እሳቸው ናቸው። እኔ እገባለሁ፣ አላምረው ይገባል፣ እሳቸው ግን በሩን አይዘጉም። ይዘውት ይቆያሉ። አንድ ሰው ረጋ ብሎ እስኪያልፍ ያህል ይቆዩና፣ ከዚያ ይዘጋሉ። ውሃ ሲያመጡልን ሦስት ብርጭቆ ነው። እኔ በቀልድ፣ «እትዬ ብርቄ፣ መቁጠር ጠፋብዎት?» ስላቸው፣ «ይሁን፣ ይቀመጥ» ይሉኛል። ከተሜ አመሉ ብዙ ነው ብዬ ተውሁት።

አንድ ጠዋት ታዲያ ፊታችንን ስንታጠብ አላምረው ምን ይለኛል፤ «አያ፣ ሌሊቱን ሳሉ ፋታ አልሰጥዎ አለ አይደል?»

«የምን ሳል? እኔ አልሳልሁም።»

«ኧረ ሲያስሉ ነበር። ውሃ ላምጣልዎ ብልዎ፣ ተወው ተኛ አሉኝ እኮ!»

አየህ፣ እኔ አላልሁም። እንቅልፌ ከባድ ነው፣ አክስትህን ጠይቃት። ግን የልጁን ፊት ሳየው ሰላም ነው፣ የፈራም አይመስልም። «ሕልም ነው» አልሁት። «ሕልም ይሆናል» አለና ፎጣውን አነሣ።

በማርያም ዕለት ሥራ የለም። አላምረው ቅዳሴ ሄደ፣ እኔ ወገቤን ስላመመኝ ቀረሁ። ያ የጥጉ አልጋ ሲጥጥ ሲል ሰምቼው ነበርና ላጥብቀው ብዬ አልጋ ልብሱን ገለጥሁ። እንጨት ነው። ገልብጬ እግሩን አየሁት። ምስማር የለበትም! አንድም! አንተ ታውቀኛለህ፣ እኔ ተማሪ ምስማር አላስነካም፤ እንጨት በእንጨት ነው የሚያዝ፣ በሽብልቅ። ከተሜ እንዲህ አይሠራም። ጎንበስ ብዬ ሽብልቁን ባየው ደግሞ ከግራ ነው የተመታ፣ ሁሉም ከግራ። ያን እጅ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ «በቀኝህ ያዝ!» ብዬ የተጣላሁት እጅ ነው። የምንይችል እጅ ነው።

እትዬ ብርቄ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሄጄ ፊታቸው ቆምሁ።

«ይኼን የእንጨት አልጋ ማን ሠራው?»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። «አወቁት መሰለኝ» አሉ።

«ሠሪው የታለ?»

«ከእናንተው ጋር ነው» አሉኝ።

በስመ አብ! እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ። እና ነገሩኝ። ክፍሉን ተከራይቶ ይኖር ነበር፣ አመመው፣ ሳል ነው፤ ጤና ሳለ በገዛ እጁ በሠራው አልጋ ላይ ሞተ። «አገርህ ወዴት ነው ስለው ጎጃም ይለኛል። ጎጃም የቱ ጋ ስለው ዝም። እናቴ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ፣ ድኜ እሄዳለሁ ይላል። ጎጃም አገር ሙሉ ነው፣ ለማን ልንገር? እኔና የዕድሩ ሰዎች ቀበርነው፣ እናንተ በር የምትሠሩለት ደብር ነው ያለ። ያለቀስሁለት እኔ ብቻ ነኝ፣ ባዕድ ሴት።»

«ታዲያ በሩን ለማን ነው የሚያቆዩት?»

«ከዚያ ወዲህ የጎጃም ሰው አፍ በሰማሁ ቁጥር አምጥቼ አሳድራለሁ። እሱ ከኋላቸው ይገባል። ያያቸዋል። የእሱ ሰዎች ካልሆኑ በማግስቱ ይወጣል፣ ይታወቀኛል። እናንተ ከመጣችሁ ግን አልወጣም።»

«ልጁ ወንድሙ ነው» አልኋቸው።

ደረታቸውን መቱ። «በወንድሙ አልጋ ላይ ነው የተኛው? አሁን ሲመጣ እነግረዋለሁ! ከዚህ በላይ አልችልም!» ብለው ተነሡ።

ነጠላቸውን ይዤ ለመንኋቸው። መርዶ እንዲህ አይነገርም! ሰው አገር፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ንስሐ አባት? መርዶ በእናቱ ቤት ነው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው ባለበት። መንገድ ላይ ብነግረው አውቶቡስ ውስጥ ማን ይይዝልኛል? እናቱስ ከመንገደኛ ትስማ? ሆድ ይፍጀው አልሁ። እሳቸውም እያለቀሱ እሺ አሉ።

እና ያን ክፍል ተመልሼ ገባሁ። ምን ላድርግ? ቤት እንቀይር ብለው ለምን ይለኛል። ፈራሁ፣ አልዋሽህም፣ ሽማግሌ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተሸፋፍኜ ነው የተኛሁ። ከዚያ ሁሉ የባሰው ግን ኋላ መጣ። ሥራው ሊያልቅ ሲል አላምረው በሩን እየላገ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አያ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ እዚሁ ብቀርስ?» አለኝ።

«የት ነው የምትቀር?»

«እዚያው ክፍሉ። ተስማምቶኛል። ወጥቼ መሄድ ከበደኝ።»

«እናትህስ?»

ዝም አለ። ታላቁም እንዲህ ነበር ዝም የሚል፣ ሊሄድ ሲል። እኔ የሻረግ ታየችኝ። አንዱ ሞቶባታል፣ አላወቀችም፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሟቹ ሊያስቀርባት ነው፣ እኔም ቃል ሰጥቻለሁ። ለእትዬ ብርቄ ነገርኋቸው። አሰቡ አሰቡና፣ «ብቻውን አይወጣልዎትም። ሁለቱንም ይጥሩ» አሉኝ።

የምንሄድበት ቀን ጠዋት ዕቃውን አወጣሁ። አላምረው ጫማውን አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ አይነሣም። «እንሂድ» አልሁት፣ አይነሣም። «አላምረው፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል!» ዓይኑ መሬት ነው። ይኼኔ በሩ ላይ ቆምሁና፣ ስም ሳልጠራ፣ ተማሪዎቼን እንደምጠራበት ድምፅ፣ «ሁለታችሁም ተነሡ! እናታችሁ ትጠብቃለች!» አልሁ።

ከዚያ አልጋው ሲጥጥ አለና አላምረው ተነሣ፤ መጋዙን አነሣ፤ «ሁለታችሁ ማለት?» ብሎ አልጠየቀኝም። እትዬ ብርቄ የግቢውን በር ከፍተው ቆመዋል። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ወጣ፣ እሳቸው ጥቂት ቆዩና፣ «በሉ ደህና ግቡ፣ ልጆቼ» ብለው ዘጉት። ከበሩ ወዲያ ልቅሷቸው ይሰማኛል።

አውቶቡስ ላይ ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር ነው፤ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በዳር። ረዳቱ መጥቶ መሃሉን እያሳየ፣ «እዚህ ሰው አለ?» አለ። አላምረው ውጭ ውጭውን እያየ፣ «አለ» አለው። ዓባይን እስክንሻገር እኔ ወደ መሃል አልዞርሁም፣ አንገቴ ደርቆ ቀረ።

አገር እንደገባን ለንስሐ አባታቸው ነገርሁ፣ ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ ጎህ ሲቀድ ሄድን። የየሻረግን ለቅሶ አልነግርህም፤ እሱ ይቅር። አላምረው ግን አልጮኸም፣ አልወደቀም። እናቱን ይዞ እሷን ሲያጽናና ዋለ። እኔ ይወድቃል ብዬ ሁለት ጎረምሳ አጠገቡ አቁሜ ነበር። ሰዉ ጋብ ሲል ወደ ጓሮ ወሰድሁትና፣ «እንዴት ቻልኸው፣ ልጄ?» አልሁት።

«አያ፣ እሱው ነግሮኝ ነበር እኮ። እርስዎ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

«ምን ብሎ ነገረህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ አትሂድ አለኝ።»

«ታዲያ እንዴት መጣህ?»

«እርስዎ ሲጠሩን ቀድሞ የተነሣው እሱ ነው» አለኝ። «እሱ ከተነሣ እኔ ለማን ብዬ ልቅር?»

ይኸው ነው። እኔ ከልጁ ስደብቅ፣ ልጁ ከእኔ ሲደብቅ፣ ሟቹ መሃላችን ሆኖ ሲያስል ከረምን። (አያ አለኸኝ ይስቃሉ።) አሁን ያስቃል፤ ያን ጊዜ አያስቅም ነበር።

ሙሉቀን፦ አያ፣ ታዲያ እኔስ የት ልደር?

የፈለግህበት እደር። ሙቅ ውሃም ይኑረው፣ ቁርስም ይኑረው። ብቻ ስትገባ፣ ከእኔ በፊት እዚህ ክፍል ማን ነበር፣ የማን ልጅ ነው ብለህ ጠይቅ።

ሙሉቀን፦ ሆቴል እኮ ነው፣ አያ። ማን ያውቃል?

እሱን እኮ ነው የምልህ።