ቀትር ላይ በር ታስከፍት ለነበረችው ለእትዬ ጥሩወርቅ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የእድር ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ከመጋላም ከሳቢያንም በዚህ ፀሐይ የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። ልጇ ስምረት፣ እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ።

እኔ ዒጋል ነኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ። ድሬ ላይ እኔን የማያውቅ ትናንት የገባ መንገደኛ ብቻ ነው። ይህን ንግግር ማንም አልጻፈልኝም። በእጄ ነው የጻፍኩት፣ አራት ገጽ ሙሉ። የማታ ትምህርቴን የጨረስኩት ባለፈው ሰኔ ነው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ሰው ሁለተኛ ወጥቼ። አንደኛዋ ድሮ ፊደል ቆጥራ፣ ረስታ የመጣች ሴት ናት። ስለዚህ አንደኛው እኔ ነኝ ማለት ነው። መሀል ላይ ቆም ካልኩ እያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ጽሕፈቴ አልነበብ ብሎኝ ነው። ሐዬ፣ ልጀምር።

እትዬ ጥሩወርቅን "እርስዎ" ብያት አላውቅም። የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱታ ምላሴ ላይ አይቀመጥም። ዛሬም "አንቺ" እያልኩ ነው የምሸኛት።

ሰው ስለ እሷ "መጽሐፍ ትሰጥ ነበር" ይላል። መጽሐፍማ መደርደሪያውም ይሰጣል። እሷ የሰጠችው ቀትሯን ነው።

የድሬን ቀትር ለእናንተ አልነግርም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢሮው ይዘጋል። ሱቁ ይዘጋል። ውሻው እንኳን መኪና ሥር ይገባል። አባት በርጫው ላይ ነው፣ ጫቱን ይዞ። እናት ጋደም ብላለች። የጠዋት ፈረቃ ተማሪው ግን ከትምህርት ቤት ወጥቷል። ዕድሜው አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ነው። ቤት ቢገባ ቆርቆሮው ያቃጥለዋል። ቢወጣ ጫት ቤቱ ይጠራዋል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያ ልጅ የት ነው? ልጠይቃችሁ እንጂ፤ የት ነው? እኛስ የት ነበርን?

እሷ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት። እኔ የገባሁት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትመጣና በሩን ታስከፍተኛለች። ደንቡ ዝጉ ይላል፣ እሷ ክፈት ትላለች።

"እትዬ፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል እኮ" እላታለሁ።

"ልጆቹ አልተኙም" ትለኛለች።

ዛሬ ያ በር ቀትር ላይ ዝግ ነው። እሷ ከታመመች ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሆነው። እዚህ የቆምኩት ላወድሳት ብቻ አይደለም። ስለዚያ በር ልለምናችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ሥራዋን ስሙልኝ።

ሉቅማን ያውና ግንቡ ጋ ቆሟል። ንገር ስላለኝ ነው የምናገረው። የዛሬ ሁለት ዓመት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ይመጣል፣ ቬንቲሌተሩ ሥር ይቀመጣል፣ መጽሐፍ አይነካም። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ነው። እኔ "ወርያ፣ ይኼ ሻይ ቤት ነው እንዴ?" ልለው ስነሳ እሷ በዓይኗ ታስቀምጠኛለች። በአሥረኛው ቀን አንድ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ ኮላና መርፌ ከነክሩ ይዛ ሄደች። ጎኑ ተቀመጠች።

"እጅህ ሥራ ፈቷል። እስቲ ይኼን ያዝልኝ" አለችው።

መንገዷ ይኼ ነበር። ከልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣ አታውቅም። "ፊት ለፊት የሚቀመጥ ዳኛ ነው" ትል ነበር። ጎን ለጎን፣ ዓይን መጽሐፉ ላይ፣ እጅ ክሩ ላይ። ምንም አትጠይቅም። እንዲህ ሲሰፉ፣ ሲሰፉ፣ በአራተኛው መጽሐፍ ላይ ሉቅማን አፉን ከፈተ። ደላላ ይዟል። ታህሪብ ሊወጣ ነው፤ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ። ሐሙስ ይነሳል።

እኔ ብሆን አባቱን እጠራ ነበር። ፖሊስ እጠራ ነበር። በጥፊም ሳልለው አልቀርም። እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር? እሷ ካርታ አመጣች። "መንገዱን አሳየኝ" አለችው። ጣቱን ከድሬ አስነሳ። ድንበሩን፣ ደወሌን አለፈ። ከዚያ በረሃው ላይ ቆመ።

"ከዚህ በኋላ ውሃ የት ነው?" አለችው።

"ደላላው ያውቃል።"

"አብሮህ ይሄዳል?"

ልጁ ጣቱን ከካርታው ላይ አነሳ።

"እሺ፣ ክሩን ጠበቅ አድርገው፣ እየላላ ነው" አለችው። በቃ። ሌላ ምክር የለም። ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ። ሉቅማን ኮላ እየቀባ ነበር።

ሁሉንም አስቀረች አልልም። መቃብር ላይ አይዋሽም። በእኔ ጊዜ ብቻ ሁለት ልጆች አምልጠዋታል። አንዱ ከማዶ ደወለላት። አንዱ እስከ ዛሬ አልደወለም። የማታውቀው ቁጥር በጠራ ጊዜ ሁሉ ፊቷ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

አሁን የራሴን ልናገር። እዚያ ቤት ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ አለ። ከእሱ የሚወሰድ መጽሐፍ አይመዘገብም፣ ማንም አይፈርምበትም። ስለ ገላ፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ሱስ፤ ልጅ እናቱን ለመጠየቅ የሚያፍረው ነገር ሁሉ እዚያ ነው። ዝም ብሎ ይወስዳል፣ ዝም ብሎ ይመልሳል። እኔ ይህን አላውቅም። ሥራ ከገባሁ ገና አንድ ወር ቢሆነኝ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጀግና ዘበኛ ግን ነኝ። "ከእኔ በር መርፌ አይወጣም" እያልኩ ታይዋን ገበያ ድረስ የምጎርር ሰው ነበርኩ።

አንድ ቀን የአንዲት ልጅ ቦርሳ ፈተሽኩ። ያልተፈረመበት መጽሐፍ አገኘሁ። ሌባ ያዝኩ ብዬ ከፍ አድርጌ አነሳሁት። በር ላይ፣ ወንዶቹ ሁሉ ባሉበት። ርዕሱን እነሱ አነበቡት። እኔ ማንበብ አልችልም። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በጀግንነቴ ተደስተው መስሎኝ።

ርዕሱን አልነግራችሁም። የልጅቷንም ስም አልጠራም። አንዴ ሰው ፊት ከፍ አድርጌ አሳፍሬያታለሁ። ዛሬ ለንግግሬ ማሳመሪያ አልደግመውም።

ያቺ ልጅ ሁለተኛ አልመጣችም። ትምህርቷንም ትታ ገጠር፣ ዋሂል ዘመዶቿ ጋ ሄደች። እትዬ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ዒጋል፣ ምን ይዘህ እንደነበር ታውቃለህ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"እንግዲያ መማር አለብህ" ብላ በማግስቱ ማታ ትምህርት አስመዘገበችኝ። እኔ የተማርኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። በዚያች ልጅ እንባ ነው የተማርኩት።

እትዬ ዋሂል ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በዕረፍት ቀኗ፣ በጭነት መኪና ጋቢና። መጀመሪያ ልጅቷ አልወጣችላትም። ሁለተኛ ከበር ኋላ ሆና ሰማቻት። በሦስተኛው መጽሐፉን ተቀበለቻት።

"ይቅር አለችኝ?" አልኳት ስትመለስ።

"እሱን አልጠየቅኩልህም። እሱ የአንተ ሥራ ነው" አለችኝ።

እስከ ዛሬ አልሠራሁትም።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። እትዬ ሆስፒታል ስትገባ ቁልፉ ኪሴ ነበር። ኃላፊዬን ጠየቅኩ። "ኃላፊነት የሚወስድ ሰው በሌለበት ቀትር ላይ አይከፈትም። ዘበኛ በር ይጠብቃል እንጂ ልጅ አይጠብቅም" አለኝ። ደንብ ነው፤ እኔም እሺ አልኩ። ልጆቹ ግን መጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ግንቡ ሥር ሠላሳ ያህል ነበሩ። ቀትር ላይ ግንብ ምን ጥላ አለው? በሁለተኛው ሳምንት አሥር ሆኑ። ባለፈው ሰኞ አራት። የቀሩት የት ሄዱ? እኔ አላውቅም። አባት፣ አንተ ታውቃለህ? እናት፣ አንቺስ?

ያን ሰኞ አራቱን ግንቡ ሥር ትቼ ልጠይቃት ሄድኩ። ድምጿ አልቋል። "ልጆቹ ቀትር ላይ የት ናቸው?" አለችኝ።

"ውስጥ ናቸው፣ እትዬ።"

"ማን አለ አብሯቸው?"

"እኔ አለሁ።"

ፈገግ አለች። "እጃቸውን ሥራ አታስፈታው እሺ" አለችኝ።

ዋሸኋት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ዋሸኋት። በማግስቱ አረፈች።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልመናዬ ይኼ ነው። ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይፈለጋል። ሊቅ አይደለም። ቀርቦ ፈርሞ፣ ከልጅ ጎን ተቀምጦ፣ ኮላ መቀባት የሚችል ሰው። እዚህ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን አላችሁ። የባቡር ሠራተኞች አላችሁ። እኔን ጨምሮ ቀትሩን ሙሉ በርጫ ላይ አገር የምናስተዳድር ሰዎች አለን። በሳምንት አንድ ቀትር ማን ይሰጣል? አሁን እጅ አታውጡ። መቃብር ላይ ሁላችንም ደጎች ነን። ነገ ስድስት ሰዓት በሩ ላይ ኑ። ማንም ባይመጣ ምን እንደማደርግ እዚህ ወረቀት ላይ የለም። ስላላወቅኩት አልጻፍኩትም።

እትዬ ጥሩወርቅ። አባቶች በጸሎታቸው ሸኝተውሻል። እኔም በራሴ ቋንቋ ለምኜልሻለሁ፤ ሰሚው አስተርጓሚ አይፈልግም። አንቺን ግን በውሸት አልሸኝሽም። ሰኞ ዕለት የነገርኩሽ እውነት አልነበረም። ልጆቹ ውስጥ አይደሉም። አራቱ ፀሐይ ላይ ናቸው። የቀሩት የት እንዳሉ አላውቅም። አሁን ከዚህ ስወጣ እነሱን ፍለጋ ነው የምሄደው።

ደህና ሁኚ፣ እትዬ።