ለሲስተር አስረሳች ሳላደርስ የቆየሁት መልእክት

እንግዲህ ሲስተር አስረሳች ዛሬ በሽኝታቸው ላይ ስለራሳቸው ቁጭ ብለው መስማት ግድ ሆኖባቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያዳምጡ ስለኖሩ የእኔን የከድሩን ወሬ አያቅታቸውም።

ወደዚህ ጤና ጣቢያ የመጡ ዕለት እኔ ገና ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። ከመኪና ሳይወርዱ "ስለ ሰመራ ሙቀት ማንም እንዳይመክረኝ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ!" አሉን። እሺ አልን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠፉ። ብንፈልግ የሉም። በመጨረሻ የካርድ ክፍሏ ውባንች የክትባቱን ፍሪጅ በር ተደግፈው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ሲስተር፣ ምነው ደህና አይደሉም?"

"እኔም ክትባት ነኝ ልጄ፤ ከዚህ ከተነሳሁ እበላሻለሁ።"

አትሳቂ ውባንች፣ መስክሪ እንጂ!

ሲስተር፣ አመልዎን ሁላችንም እናውቀዋለን። የአፋር ሰው ሲገናኝ አስቀድሞ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። እርስዎም በዚያ በተሰባበረ አፋርኛዎ ዳጉውን ሳይጨርሱ የደም ግፊት መለኪያ አያነሱም። ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ እርስዎ የግመሎቹን ደህንነት ይጠይቃሉ፣ እኛ በር ላይ እንቁነጠነጣለን። ከዚያ ደግሞ ማስመሪያ አውጥተው የካርዱ ግርጌ ላይ ሦስት መስመር ያሰምራሉ። አንዱ ላይ እኛ የምንለውን፣ ሁለተኛው ላይ ታካሚው የሚለውን፣ ሦስተኛው ላይ የተስማማንበትን ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ለቁጥጥር የመጣ ሰውዬ ካርዱን አገላብጦ "ይሄ ነገር ፎርሙ ላይ የለም" ቢላቸው፣ "ሰውየው ግን አለ" ብለው ካርዱን ተቀበሉት።

እኔ ይህን ነገር ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ነርስና ታካሚ ተነጋግረው ግባቸውን አብረው ያስቀምጣሉ የሚል ንድፈ ሐሳብ ነው። ሸምድጄ ተፈተንኩ፣ ጥሩ ውጤት አመጣሁ፣ በሳምንቱ ረሳሁት።

ከተማ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ደም ግፊቱ ጣራ ነክቶ መጣልኝ። ጨው ተው፣ ሲጋራ ተው፣ ጫት ተው፣ በቂ እንቅልፍ ተኛ አልኩት። ሲስተር ከጎኔ ሆነው ይሰማሉ። ሲወጣ "ስንት ጊዜ እሺ አለህ?" አሉኝ።

"አራቱንም።"

"እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል ለነርስ አይደለም። አራቱንም እሺ ያለ ሰው አንዱንም አያደርግም። ጥራው!"

ጠራሁት። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚውጥ ተነጋገሩ፤ ቀጥለው "አንተ ራስህ የምትችለው ምኑን ነው?" አሉት። "ከሰርዶ እስከ ድንበሩ ጋላፊ ሳላጨስ መንዳት እችላለሁ" አለ። እኔ በልቤ ሳቅኩ። እሳቸው ጻፉት። በወሩ መጥቶ ገና ከበር "ጋላፊን አለፍኳት!" ብሎ ጮኸ፤ ዛሬ ጭራሽ አያጨስም።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ለሲስተር እንዳደርስ የተሰጠኝን መልእክት ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤ ቆይቻለሁ። ነገ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም።

እዚሁ አጠገባችን ሎጊያ አድሮ የእናቴን የኑርሀያትን ምግብ ቤት የማያውቅ ሹፌር የለም። ኩላሊቷ ሲደክም አዲስ አበባ እጥበት ላስጀምራት ቤት ተከራየሁ፣ መኪና አዘጋጀሁ። ሲስተር ሊጠይቋት መጡና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ። "አይድከሙ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል" አልኳቸው።

"ማን ከማን ጋር?" አሉኝ።

ወደ እናቴ ዞረው እጥበቱ ዕድሜዋን ሊያረዝም እንደሚችል፣ ያለ እሱ ጊዜዋ አጭር እንደሆነ ሳይደብቁ ነገሯት። በማግስቱም ተመልሰው ደገሙላት። ከዚያ "ምን ትፈልጊያለሽ?" አሏት።

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች። "ልጄ ይከፋዋል" አለች።

"ይክፋው። አንቺስ?"

"ማሽን ላይ ታስሬ ሰው አገር አልሙት። ኢንሻአላህ ረመዳንን ቤቴ ሆኜ ላግኘው፤ ሾርባውን ቀምሼ ለሹፌሮቹ ልላክ።"

ሦስተኛው መስመር ላይ ይህንኑ ጻፉት፤ ሕመሟን እያስታገሱ በቤቷ እንድትሰነብት። እኔ በዚያው ቀን፣ እዚህ ኮሪደር ላይ፣ "እናቴ ላይ ሞት ፈረዱባት" አልኳቸው። ባልደረባችን አዲስአለም ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ከሥራ ውጪ ሰላምታ እንኳ ነፈግኳቸው። እሳቸው ግን በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ በዚያ ፀሐይ ሎጊያ ይመጡ ነበር። እኔ በሩን ከፍቼላቸው እወጣለሁ።

እናቴ ረመዳንን አገኘችው። ትራስ ተደግፋ እየቀመሰች "ጨው አነሰው" ስትል ሹፌሮቹን አሥራ ስምንት ቀን አስፈጠረቻቸው፤ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አላህ ወሰዳት። ቀብሩ ላይ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እኔ ፊቴን አዞርኩ፣ በዚህ አፍራለሁ።

ሲስተር፣ ከእርስዎ የተማርኩት ብዙ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኑ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱ፣ ለስላሳም ይሁን ውሃ። አዋሽ ከልጅዎ ከራሄል ጋር በሰላም፣ በጤና፣ በረጅም ዕድሜ ይኑሩ።

ይኸው መልእክትዎ። እናቴ ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ "አርባ ዓመት ለመጣው ሁሉ ምን ላቅርብ፣ ምን ትፈልጋለህ ስል ኖርኩ። እኔን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አስረሳች ብቻ ናት። ንገርልኝ።"

ነገርኩዎት። ስለዘገየሁ አውፍ ይበሉኝ።